አንድ ማሽን፣ አንድ ዳታቤዝ፦ ቀለል ያለ የድርጅት ሲስተም በኦፕን ሶርስ እንዴት ነው የሚሠራው?

አሁን አሁን ደሴም ኮምቦልቻም ትንሽ ሰፋ ያለ ሥራ ያለው ሰው ሁሉ "ሲስተም ያስፈልገኛል" እያለ ነው፣ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ፣ ጅምላ አከፋፋዩ፣ የግል ክሊኒኩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ብቻ ሁሉም። ክፍያው በቴሌብር እየሆነ፣ የግብር ማሳወቂያው ኦንላይን እየሆነ ደብተሩ አልበቃ ብሏል። ችግሩ የሚመጣው ዋጋ ሲጠየቅ ነው፣ አንዱ ፈቃዱ በዶላር የሚታሰብ ትልቅ ሶፍትዌር ያቀርባል፣ ሌላው "በኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነ ሶፍትዌር) በነፃ እሠራልሃለሁ" ይላል፣ ባለቤቱ ደግሞ የመጀመሪያው ውድ ሁለተኛው የማይታመን ይመስለውና ተመልሶ ኤክሴሉ ላይ ይቀመጣል።

ሁለቱም ግምት ልክ አይደለም። ለኛ ስፋት ላለው ድርጅት የሚበቃው ሲስተም በጥቂት የታወቁ ፕሮግራሞች፣ በአንድ ደህና ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ ለፕሮግራሞቹም የፈቃድ ክፍያ የለም። ወጪውና ድካሙ ያለው ሌላ ቦታ ነው፣ በኛው ቀን አቆጣጠር፣ በኛው ስም፣ በመብራቱ፣ በባክአፑ (በመጠባበቂያ ቅጂው)፣ በሚጠግነው ሰው። እስቲ ከሥሩ እንየው። (የሶፍትዌሮቹን ታሪክ ሳወራ ዓመቱ በፈረንጅ ነው፣ ያገራችንን ነገር ሳነሳ በኛው።)

ለማስረዳት እንዲመች አንድ ማኅበር እናስብ፣ ቢሮው ደሴ፣ መጋዘኑ ኮምቦልቻ፣ ሐርቡና ደጋን ላይ ደግሞ ከገበሬ ማሾ የሚገዛበት ጣቢያ ያለው።

ዌብ አፕሊኬሽን ማለት ዌብሳይት ማለት ነው?

አይደለም። ዌብሳይት ይነበባል፣ ዌብ አፕሊኬሽን ግን ይሠራበታል። ሐርቡ ላይ ሚዛን የያዘችው ልጅ ስልኳ ላይ ክሮም ትከፍትና በራሷ ፓስወርድ ትገባለች፣ አያ ሰይድ ያመጡትን ማሾ ትመዝንና 98.5 ኪሎ ብላ ትጽፋለች፣ "መዝግብ" የሚለውን ትነካለች፣ በቃ። ስልኳ ላይ የተጫነ ልዩ ፕሮግራም የለም፣ ብራውዘሩ ይበቃል። የጻፈችው ነገር በኔትወርኩ ሄዶ ደሴ ያለ አንድ ኮምፒውተር ጋ ይደርሳል፣ ሰርቨር የምንለው እሱን ነው። ሰርቨር ሲባል ሰው በጣም ትልቅ ነገር ይመስለዋል፣ ግን ሁሌ በርቶ ሌሎች ኮምፒውተሮች ሲጠይቁት የሚመልስ ኮምፒውተር ማለት ነው።

እዛ ሰርቨር ውስጥ ሦስት ነገር አለ። መጀመሪያ ጥያቄውን የሚቀበለው ዌብ ሰርቨር ነው፣ ኤንጂንኤክስ ወይም አፓቺ፣ ሥራው መቀበልና ለሚመለከተው ማስተላለፍ ነው። ቀጥሎ ያለው የማኅበሩ የራሱ ፕሮግራም ነው፣ ደንቡ ያለው እሱ ጋ ነው፣ ይቺ ልጅ መመዝገብ ይፈቀድላታል ወይ፣ ሚዛኑ ከዜሮ በላይ ነው ወይ፣ የዛሬው የግዢ ዋጋ ስንት ነው እያለ ያጣራል። መጨረሻ ላይ ዳታቤዝ አለ፣ ሁሉም ነገር በሠንጠረዥ በሠንጠረዥ ሆኖ የሚቀመጥበት። ፕሮግራሙ ዳታቤዙ ላይ ይጽፍና መልሱን ገጽ አድርጎ ይልካል፣ ልጅቷ "ተመዝግቧል፣ ደረሰኝ ቁጥር ይሄ" የሚል ታያለች። ይሄ ሁሉ ኔትወርኩ ደህና ከሆነ ከሰከንድ በታች ነው የሚያልቀው።

"ኢንተርፕራይዝ" የሚባለውስ ምኑ ነው?

ስሙ የትልቅ ኩባንያ ይመስላል እንጂ ዋናው ነገር መጠኑ አይደለም። የድርጅት ሲስተም ከግል ነገር የሚለየው ብዙ ሰው በአንዴ ስለሚነካው፣ ሁሉም እኩል ሥልጣን ስለሌለው፣ ማን መቼ ምን እንደቀየረ መታወቅ ስላለበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ገንዘብና ዕቃ እንዳይዛነፍ ነው። የሐርቡዋ ልጅ ትመዘግባለች ግን ዋጋ አትቀይርም፣ ሒሳብ ሠራተኛው ያያል ግን አያጠፋም፣ ሥራ አስኪያጁ ሲያጸድቅ ስሙና ሰዓቱ አብሮ ይቀመጣል።

የመዛነፉን ነገር ትንሽ ልቆይበት፣ ምክንያቱም ኤክሴል የማይችለው ይሄን ነው። ማሾው በኪሎ 60 ብር ቢሆን አያ ሰይድ 5,910 ብር ይከፈላቸዋል። ስለዚህ ሦስት ነገር አንድ ላይ መሆን አለበት፣ የመጋዘን ክምችት በ98.5 ኪሎ ይጨምራል፣ ካዝናው በ5,910 ብር ይቀንሳል፣ በሳቸው ስም ግዢው ይጻፋል። አሁን የመጀመሪያው ተጽፎ ሁለተኛው ሳይጻፍ መብራት ጠፋ እንበል። ፋይል ላይ ቢሆን ኖሮ ክምችቱ ጨምሮ ገንዘቡ ያልወጣ ሆኖ ይቀራል፣ ዓመት ሲዘጋ ማን አጎደለ የሚባለው እንግዲህ ከዚህ ነው። ዳታቤዝ ግን ሦስቱን እንደ አንድ ሥራ ይይዛቸዋል፣ ትራንዛክሽን ይባላል፣ ወይ ሦስቱም ይጸናሉ ወይ አንዱም አልተደረገም። እንዴት ቻለ ካላችሁ፣ እንደ ፖስትግሬስ ያሉት ዳታቤዞች ሊያደርጉ ያሰቡትን መጀመሪያ የተለየ ማስታወሻ ፋይል ላይ ጽፈው ዲስኩ ላይ ማረፉን ካረጋገጡ በኋላ ነው "ጸንቷል" የሚሉት፣ መብራት ሲመለስ ያንን ማስታወሻ አንብበው ያለቀውን ያስቀጥላሉ ያላለቀውን ይሰርዛሉ። ይሄ ጥበቃ የፈቃድ ክፍያ በሌለው ፖስትግሬስ ውስጥ ሙሉ ለሙሉ አለ፣ ውዱን የገዛ ሰው ብቻ የሚያገኘው ነገር አይደለም።

ታዲያ "ቀለል ያለ" የሚባለው ምኑን ጥሎ ነው?

ድሮ የድርጅት ሲስተም ማለት ከባድ ነገር ነበር። በ1999 ሳን ማይክሮሲስተምስ የሚባለው ኩባንያ ጄቱኢኢ (J2EE) የሚባል፣ ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የሚሠራበት ደንብ አወጣ፣ ሐሳቡ ለባንክና ለአየር መንገድ የሚሆን ሲስተም በአንድ ወጥ ሥርዓት እንዲሠራ ነበር። ግን አንዲት ተራ መዝገብ ለማስቀመጥ እንኳ ብዙ ፋይልና ብዙ ማስተካከያ መጻፍ ያስፈልግ ነበር፣ እሱንም የሚያስኬደው አፕሊኬሽን ሰርቨር የሚባለው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ውድና ለመነሳት የሚዘገይ ነበር። ሮድ ጆንሰን የሚባል አውስትራሊያዊ በ2002 ይሄ ሁሉ ሸክም ለብዙው ሥራ አያስፈልግም ብሎ ጻፈ፣ ከጽሑፉ ጋር ያሳየው ኮድ አድጎ ስፕሪንግ የሚባለው ሆነና በ2004 የመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ ወጣ። ስፕሪንግ ትልቁን ሰርቨር ሳይፈልግ ቶምካት በሚባል ትንሽ ኦፕን ሶርስ ሰርቨር ላይ ይሄዳል።

ያኔ ነው ቀላል የሚለው ሐሳብ የተስፋፋው፣ በሌሎቹም የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋዎች እንደዛው ሆነ። ፓይተን ላይ የሚሠራው ጃንጎ የተወለደው አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ ሎረንስ በምትባል ከተማ ጋዜጣ ቤት ውስጥ ነው፣ ፕሮግራመሮቹ ጋዜጠኞቹ የፈለጉትን ገጽ ቶሎ ማድረስ ስላለባቸው ተደጋጋሚውን ሥራ አንዴ ጽፈው አስቀመጡት፣ በ2005 ለሁሉም ክፍት አደረጉት። ፒኤችፒ ላይ ደግሞ ላራቬል በ2011 መጣ። እነዚህን ፍሬምወርክ እንላቸዋለን፣ ሁሉም ሲስተም የሚያስፈልገው ነገር፣ መግቢያ፣ ፓስወርድ አያያዝ፣ ፎርም፣ ከዳታቤዝ ጋር መነጋገር፣ ተሠርቶ የተቀመጠበት ማለት ነው፣ ፕሮግራመሩ የማኅበሩን ደንብ ብቻ ይጽፋል።

ቀላል ማለት ደካማ አይደለም። የጤና ተቋሞቻችን ሪፖርት የሚያስገቡበት ዲኤችአይኤስ 2 የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ኦፕን ሶርስ ነው፣ በጃቫና በስፕሪንግ ተጽፎ፣ ቶምካት ላይ እየሄደ፣ ዳታው ፖስትግሬስ ላይ ነው የሚቀመጠው። የአገር ሪፖርት የተሸከመ ነገር የአንድ ማኅበር ግዢ አያቅተውም።

ኦፕን ሶርስ የማን ነው? ነፃ ከሆነ ማን ይጠግነዋል?

ወሎ ላይ ይሄን ለማስረዳት ከቅሬ (ሌላው አገር እድር ከሚለው) የተሻለ ነገር አላውቅም። የቅሬው ድንኳን፣ ትልልቁ ድስት፣ ብርጭቆው የአንድ ሰው ንብረት አይደለም፣ ሐዘን የደረሰበት ወስዶ ይጠቀማል፣ ኪራይ ክፈል የሚለው የለም። ግን ድንኳኑ ሲቀደድ መሰፋት አለበት፣ ብርጭቆ ሲሰበር መተካት አለበት፣ ተሸካሚም አጣቢም ያስፈልጋል። ኦፕን ሶርስም እንደዛ ነው፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ማንም ያያል፣ ይጠቀማል፣ ያሻሽላል። ሊኑክስን (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያስኬደውን ሥርዓት) ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ፊንላንድ ተማሪ እያለ ጀመረው፣ ዛሬ ትልልቅ ኩባንያዎች ሠራተኛ መድበው ያሻሽሉታል ምክንያቱም ራሳቸው ይጠቀሙበታል። ፖስትግሬስ በ1986 በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ከተጀመረ ፕሮጀክት የመጣ ነው፣ የማንም ኩባንያ ንብረት አይደለም።

የማንም አለመሆኑ ለኛ ምን ይጠቅማል? ማይኤስኪውኤልን እንይ። ይሄ ዳታቤዝ በብዙ ዌብሳይት ላይ ያለ ነው፣ የያዘው ኩባንያ ለሳን ተሸጠ፣ ሳን ደግሞ በ2010 የራሱን ዳታቤዝ ወደሚሸጠው ኩባንያ ወደ ኦራክል ገባ። ከመሥራቾቹ አንዱ ማይክል ዊደኒየስ ነገሩ ስላሰጋው ኮዱን ወስዶ በ2009 ማሪያዲቢ ብሎ በሌላ መንገድ ቀጠለው። ኮዱ ክፍት ባይሆን ኖሮ ይሄን ማድረግ አይችልም ነበር፣ ተጠቃሚውም ባለቤቱ የወሰነውን ተቀብሎ ከመቀመጥ ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ፈቃዶቹን በአጭሩ፦ ኤምአይቲ እና ቢኤስዲ የሚባሉት "የጸሐፊውን ስም አታጥፋ እንጂ እንደፈለግህ አድርግ" የሚሉ ናቸው፣ ላራቬልና ጃንጎ እዚህ ናቸው። ጂፒኤል ደግሞ አሻሽለህ ለሌላ ሰው ከሰጠህ ኮዱንም ስጠው ይላል፣ ቢሮህ ውስጥ ለራስህ ብትጠቀም ግን ለማንም የማሳየት ግዴታ የለብህም። "የማኅበራችን ዳታ ክፍት ይሆናል ወይ" ብሎ የሚፈራ ሰው ብዙ ነው፣ በፍጹም፣ ክፍት የሆነው የፕሮግራሙ ኮድ ነው፣ የአያ ሰይድ ሒሳብ አይደለም።

የዶላሩም ነገር አለ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በዶላር ዓመታዊ ፈቃድ የሚከፍል ድርጅት ምንም ሳይጨምር ወጪው በብር እጥፍ ሊሆን ደረሰ ማለት ነው። ለፕሮግራመር በብር የሚከፍለው ግን እንደዛ አይደነግጥም።

የቱን ልምረጥ?

የኔ ምርጫ ግልጽ ነው፦ ሊኑክስ (ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ)፣ ኤንጂንኤክስ፣ ጃንጎ፣ ፖስትግሬስ። ጃንጎ የሠንጠረዡን ዓይነት ብቻ ስትነግሩት የመመዝገቢያና የማስተካከያ ገጽ ራሱ ያወጣላችኋል፣ ለቢሮ ሥራ ግማሹ በዛ ያልቃል። ግን ሲስተሙን ነገ የሚይዘው ልጅ የሚያውቀው ፒኤችፒ ከሆነ ላራቬልና ማሪያዲቢ ይሁን፣ ምንም ክርክር የለውም። ከወሎ ዩኒቨርሲቲም ከወልድያ ዩኒቨርሲቲም በየዓመቱ ኮምፒውተር የተማሩ ልጆች ይወጣሉ፣ ኮምቦልቻና ደሴ ላይ የሚገኝ ሰው የሚጠግነውን መሣሪያ መምረጥ ከሁሉም ይበልጣል፣ ፋሽኑን ተከትሎ የተሠራ ሲስተም ሠሪው አዲስ አበባ የገባ ቀን ወላጅ አልባ ይሆናል።

ለአንድ ሰው ወይም ለትንሽ ሱቅ ከሆነ ኤስኪውላይትም ይበቃል፣ አንድ ፋይል ብቻ ነው፣ ሪቻርድ ሂፕ በ2000 የጀመረው፣ አሁን በያንዳንዱ ስማርት ስልክ ውስጥ ያለ ዳታቤዝ። ብዙ ሰው በአንዴ የሚጽፍበት ከሆነ ግን ወደ ፖስትግሬስ ሂዱ።

ገጹን በተመለከተ፣ አሁን ብዙ ልጆች ሪአክት (በጃቫስክሪፕት ቋንቋ የሚሠራ የገጽ መሥሪያ) ካልሆነ ብለው ይጀምራሉ። ሪአክት መጥፎ አይደለም፣ ግን ገጹን ስልኩ ላይ የሚገነባ ብዙ ጃቫስክሪፕት መጀመሪያ መውረድ አለበት፣ ደጋን ላይ በደከመ ኔትወርክ ያ ገጽ ነጭ ሆኖ ይቆያል። ሰርቨሩ ራሱ ያለቀለትን ገጽ ቢልክ፣ ፎቶና ማስዋቢያው ቢቀነስ፣ በአሮጌ ስልክም ይከፈታል። ትንሽ እንቅስቃሴ ካስፈለገ ኤችቲኤምኤክስ የሚባል ትንሽዬ ፋይል ይበቃል።

ከባዶ መጀመርም ግዴታ አይደለም፣ ክምችት፣ ግዢ፣ ሽያጭ ያለው ኢአርፒኔክስት እና ኦዱ የሚባሉ ዝግጁ ኦፕን ሶርሶች አሉ (የኦዱ ሙሉ ሒሳብና ደመወዝ ግን የሚከፈልበት ቅጂ ውስጥ ነው ያለው)። የድርጅታችሁ አሠራር ከነሱ ጋር ከገጠመ ጊዜ ይቆጥባሉ፣ ካልገጠመ ግን እነሱን ማጣመም ከመጻፍ ይብሳል፣ ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ሙሉ የግዢ ሂደት አስሞክራችሁ ተመልከቱ።

ሰርቨሩ የት ይቀመጥ?

ኢንተርኔት ሁሌ አለ ብሎ የሚነሳ ዕቅድ ለኛ አይሆንም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም የኖርነው ነው። ያኔ ሲስተሙ ውጭ አገር ክላውድ (በኢንተርኔት የሚገባበት የኪራይ ሰርቨር) ላይ ብቻ የነበረ ሰው የራሱን ሒሳብ ማየት አልቻለም። በአንጻሩ ሰርቨሩ ደሴ ቢሮ ውስጥ ካለ፣ ቢሮው ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች በገመድ ወይም በዋይፋይ ከሱ ጋ ከተገናኙ፣ ኢንተርኔት ባይኖርም ሥራው ይሄዳል፣ የውስጥ ኔትወርክ የኢንተርኔት ፈቃድ አይጠይቅም።

ለሃያ ሠላሳ ተጠቃሚ 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዲስክ) ያለው ተራ ዴስክቶፕ ይበቃል። ዩፒኤስ (በባትሪ የሚያቆየው) ግን አይቀርም፣ መብራት ሲሄድ ቢያንስ ሥርዓት ይዞ እስኪጠፋ ድረስ። ደሴ ብርዱ ለማሽን ይስማማል፣ ኮምቦልቻ ላይ ከሆነ ግን ሙቀትና አቧራው ስላለ አየር የሚያገኝ፣ የሚቆለፍ ክፍል ፈልጉለት። ሐርቡና ደጋን ያሉት ጣቢያዎች በሞባይል ኔትወርክ ነው የሚገቡት፣ ስለዚህ ከውጭ የሚገቡበት መስመር በቪፒኤን (በተቆለፈ የግል መስመር) ይሁን፣ ሰርቨሩን ለመላው ዓለም ከፍቶ ማስቀመጥ አደጋ አለው።

ኔትወርክ ሲጠፋ ጣቢያው ላይ ምን ይደረግ? ስልኩ ላይ አከማችቶ በኋላ የሚልክ ፕሮግራም መሥራት ይቻላል፣ ግን ሁለት ጣቢያ ያለው ማኅበር ይሄን ውስብስብ ባይገባበት እመርጣለሁ። ቁጥር የታተመበት የወረቀት ደረሰኝ ይኑር፣ ኔትወርክ ሲመለስ ይገባል። ለዚህ ሲባል ሲስተሙ ሁለት ቀን መያዝ አለበት፣ ግዢው የተፈጸመበት ቀንና ሲስተም ውስጥ የገባበት ቀን። ይሄን ከመጀመሪያው ያላሰበ ሲስተም ሐሙስ የተገዛውን እሁድ የተገዛ ያደርገዋል፣ የዋጋው ሒሳብም አብሮ ይበላሻል።

የኛ ቀን፣ የኛ ስም፣ የኛ ፊደል ምን ችግር ያመጣል?

ብዙ ሲስተም የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው፣ በፈረንጅ ፍሬምወርክ ምክንያት ሳይሆን ፕሮግራመሩ ስላላሰበበት። ሠራተኛዋ የካቲት 30 ቀን 2017 ለማለት 30/6/2017 ብላ ጻፈች እንበል። ኮምፒውተሩ ይሄን የፈረንጅ ጁን 30፣ 2017 ብሎ ይቀበላል፣ ስህተት አለ ብሎ እንኳ አያስቆማትም ምክንያቱም ትክክለኛ ቀን ነው። እውነተኛው ቀን ግን በፈረንጅ ማርች 9፣ 2025 ነው። ብድር ከሆነ ወለዱ ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ወደ ኋላ ሄዶ ይሰላል። ጳጉሜ ደግሞ አለች፣ አሥራ ሦስተኛ ወር የለም ብሎ ፎርሙ አልቀበልም ይላል። መፍትሔው ዳታቤዙ ውስጥ ሁሌ በፈረንጁ ማስቀመጥ፣ ስክሪኑ ላይ ሁሌ በኛ ማሳየት፣ ወሩንም በቁጥር ሳይሆን በስም ከዝርዝር ማስመረጥ ነው። የበጀት ዓመቱም ሐምሌ 1 ነው የሚጀምረው፣ በፈረንጁ ጁላይ 8፣ ዝግጁ ሶፍትዌር ስትጭኑ ይሄን ማስተካከል አትርሱ። ሰዓትም እንደዛው፣ ጠዋት 2፡30 ያለችው ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ 8፡30 መሆን አለበት።

ስም ላይ ስንመጣ፣ ፎርሙ "የቤተሰብ ስም" ብሎ ይጠይቃል፣ እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም፣ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው ያለን። ሦስት ቦታ አድርጉት። ከዚያ ፍለጋ ሲመጣ ሌላ ጣጣ አለ። ወሎ ላይ ሙሐመድ ሰይድ የሚባል አባል አንድ ብቻ አይሆንም፣ አጻጻፉም አንዱ ሙሐመድ፣ አንዱ ሙሀመድ፣ አንዱ መሐመድ፣ ሰይድንም ሠይድ የሚል አለ። ለሰው አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ ፍጹም የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፣ ስለዚህ "የለም" ይላል፣ ሠራተኛዋም እንደ አዲስ ትመዘግባቸዋለች፣ አንድ ሰው ሁለት ሒሳብ ይኖረዋል። ይሄን የሚፈታው ቀላል ነገር ነው፣ ሰውየው ስሙን እንደሚጽፈው በአንድ ዓምድ እንዳለ ይቀመጣል፣ ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ዓምድ ይኖራል፣ እዛ ላይ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይለወጣሉ፣ የሚፈለገውም ቃል እንዲሁ ተለውጦ ይፈለጋል። ጥቂት መስመር ኮድ ነው። ይሄ ግን ሙሐመድና መሐመድን አያገናኝም፣ ስለዚህ የአባል ቁጥርና ስልክም መፈለጊያ መሆን አለባቸው።

ፊደላችን ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ቁጥር የተሰጣቸው ሥርዓት) ውስጥ የገባው በፈረንጅ 1999 ነው፣ አሁን ዩኒኮድ በሚቀበል በማንኛውም ዳታቤዝ ያለ ችግር ይቀመጣል። የሚያስቸግረው የድሮው ነው፣ በነቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ የአባላት ዝርዝር ካላችሁ እንደዛው ብትጭኑት የማይነበብ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይመጣል፣ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት፣ ለሱም ጊዜ መድቡ።

ብርና ግብሩስ?

ፕሮግራመሩን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፣ ብሩን በምን ዓይነት ነው የምታስቀምጠው? ፍሎት ካላችሁ አስቁሙት። በፍሎት 0.1 ሲደመር 0.2 ልክ 0.3 አይመጣም፣ 0.30000000000000004 ነው የሚመጣው፣ ኮምፒውተሩ አሥረኛ ክፍልፋይን በሁለት ቤት ቁጥር በትክክል መያዝ ስለማይችል። አንድ ጊዜ አይታይም፣ ብዙ ግዢ ሲደመርና ሲጠጋጋ ግን የሳንቲም ልዩነት ሊመጣና ሒሳቡ አልዘጋም ሊል ይችላል። ዴሲማል ወይም ኑሜሪክ የሚባለው ዓይነት ለገንዘብ የተሠራ ነው።

ግብሩን ደግሞ ኮዱ ውስጥ መጻፍ የለበትም። በ2017 ሐምሌ የገቢ ግብሩ ሲሻሻል ከግብር ነፃ የሆነው ወርሃዊ ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፣ ቁጥሩ ኮድ ውስጥ የተቀበረበት ሰው ፕሮግራመር ፍለጋ ሄዷል። ምጣኔው "ከዚህ ቀን ጀምሮ" ከሚል ቀን ጋር በሠንጠረዥ ከተቀመጠ ሒሳብ ሠራተኛው ራሱ ያስገባዋል፣ ያለፈውም ወር ደመወዝ በድሮው ምጣኔ እንዳለ ይቆያል። ተጨማሪ እሴት ታክሱም 15 በመቶ ነው ብላችሁ አታስተሳስሩት፣ ያው ሠንጠረዥ ውስጥ ይግባ። የቴሌብር ክፍያ ስትመዘግቡ ደግሞ የግብይት ቁጥሩ እንዳይደገም ዳታቤዙ ራሱ እንዲከለክል አድርጉ፣ አንድ ክፍያ ሁለቴ መመዝገብ በዚህ ይቆማል።

ቢሰረቅስ፣ ቢቃጠልስ?

በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ኮምፒውተራቸውም መዝገባቸውም የጠፋ መሥሪያ ቤቶች ነበሩ። ማሽኑ ይገዛል፣ የአባላት ቁጠባ መዝገብ ግን አይገዛም። ስለዚህ በየማታው ዳታቤዙ ወደ አንድ ፋይል ይገልበጥ፣ ፖስትግሬስ ለዚህ ፒጂ ዳምፕ የሚባል የራሱ መሣሪያ አለው፣ ሊኑክስ በተመደበለት ሰዓት ራሱ ያስኬደዋል። ፋይሉ ይቆለፍ፣ አንድ ቅጂ ደሴ፣ አንድ ቅጂ ኮምቦልቻ መጋዘን፣ አንድ ቅጂ ደግሞ ኔት ሲኖር ከከተማው ውጭ ክላውድ ላይ። ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆኑ ነው፣ ለእሳት ይበቃል፣ ለ2014 ዓይነት ነገር ግን አይበቃም፣ ሦስተኛው የሚያስፈልገው ለዛ ነው። ያልተሞከረ ባክአፕ ደግሞ አለ አይባልም፣ በየሦስት ወሩ ሌላ ላፕቶፕ ላይ መልሳችሁ ጫኑትና ያለፈው ወር ድምር ይገጥም እንደሆነ እዩ።

ኦፕን ሶርስ ስለሆነ ይጠለፋል የሚባል ነገር አለ፣ ኮዱ ስለሚታይ። በፈረንጅ ዲሴምበር 2021 ሎግፎርጄ የሚባል ብዙ ሲስተም ውስጥ ያለ የጃቫ ፕሮግራም ላይ ከባድ ቀዳዳ ተገኝቶ ዓለም ደንግጦ ነበር፣ ማስተካከያው በቀናት ውስጥ ወጣ፣ በብዛት የተጎዳው ያላዘመነው ነው። ስለዚህ ማዘመን የሥራው አካል ነው። አንድ የፖስትግሬስ ቅጂ ለ5 ዓመት ነው ጥገና የሚያገኘው፣ የኡቡንቱ የረጅም ጊዜ ቅጂም እንዲሁ፣ ከዛ በፊት ወደ አዲሱ መዛወር በዕቅድ ይያዝ። የአባላት ስልክና መታወቂያ የምትይዙ ከሆነ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይመለከታችኋል፣ የማያስፈልጋችሁን አትሰብስቡ፣ ለማያስፈልገው ሰው አታሳዩ።

ከመፈረሜ በፊት ምን ልጠይቅ?

ኮዱ የማን ነው? ውሉ ላይ የድርጅቱ ነው ተብሎ ይጻፍ፣ ክፍያው ከመጠናቀቁም በፊት ኮዱ በድርጅቱ ስም በተከፈተ አካውንት ውስጥ ይቀመጥ። የሰርቨሩና የዳታቤዙ ዋና ፓስወርድ በታሸገ ፖስታ ሥራ አስኪያጁ ካዝና ውስጥ ይግባ፣ የዶሜይኑም (የኢንተርኔት አድራሻው) ስም በድርጅቱ ይመዝገብ፣ ሠሪው በራሱ ስም አስመዝግቦት ሲጣሉ የጠፋ ብዙ አለ። ክፍያውን አንዴ አትጨርሱት፣ ለመሥሪያው ይሄን ያህል፣ ለዓመታዊ ጥገናና ማዘመኛ ይሄን ያህል ብላችሁ ለዩት፣ ፈቃድ ላይ ያተረፋችሁት ብር መሄድ ያለበት እዛ ነው።

አሠራሩንም በአንዴ አትክፈቱት። መጀመሪያ ግዢው ብቻ፣ ሐርቡ ላይ ብቻ፣ ደብተሩም ጎን ለጎን ይያዝ፣ የወሩ ድምር ከደብተሩ ጋር እስከ ሳንቲሙ ሲገጥም ደጋንን ጨምሩ፣ ከዛ መጋዘኑን፣ ደመወዙን መጨረሻ። አብሽሩ፣ ሁለት ወር ቢዘገይ ይሻላል። ሌላ ፕሮግራመርም ጠርታችሁ ሠሪው በጻፈው መመሪያ ብቻ፣ ሠሪው ሳይኖር፣ ሲስተሙን በባዶ ላፕቶፕ ላይ ጭኖ ባክአፑን እንዲያስነሳ አድርጉ፣ ካልቻለ የመጨረሻውን ክፍያ ያዙት።